የቱ ነው ያንቺ?

ትናንት አርብ ነበር። ከሥራ ስመለስ ቤት ለመድረስ ሁለት መንገድ ሲቀረኝ የከበሮ ድምፅ በመኪናው መስኮት ገባ። ከሩቅ ስለሆነ ዜማው አይለይም፣ ከበሮው ብቻ ነው የሚሰማው። ዳር ይዤ አቆምኩና ወርጄ የድሮ ትምህርት ቤቴን አጥር ተደግፌ ቆምኩ። ዲሲ አጠገብ ያለችው፣ ሐበሻውም ሳልቫዶሩም የሞላባት የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ መስከረም ከጠባ በኋላ አርብ ማታ እንዲህ ነው። ፉትቦል አለ፣ ያ የራስ ቁር አድርገው የሚጋጩበት የአሜሪካኖቹ ማለቴ ነው። ተጫዋቾቹ ለእረፍት ሲወጡ ማርሽ ባንዱ ሜዳ ይገባል።

ዓይኔ በቀጥታ ወደ ኋላ ረድፍ ሄደ። አንድ ልጅ አለ። ቤዝ ክላርኔት ይዟል። ሳየው ደስ አለኝ፣ ከዚያ ደግሞ ሆዴ ባባ። ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ይሄው መጻፍ ጀመርኩ።

እኔም አራት ዓመት እሱን ነው የተጫወትኩት። ክላርኔትን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በድሮ የኦርኬስትራ ዘፈኖቻችን ውስጥ ሞልቷል። ቤዝ ክላርኔት የእሱ ታላቅ ወንድም ነው በሉት። በጣም ይረዝማል፣ አናቱ ላይ የታጠፈ የብረት አንገት አለው፣ ግርጌው ደግሞ ወደ ላይ ቀና ያለ የብረት አፍ ነው። ድምፁ ከተለመደው ክላርኔት አንድ ኦክታቭ ይወርዳል። ዛሬ ወዳለው ቅርፅ ያመጣው ሳክስፎንን የፈጠረው ቤልጅጋዊው አዶልፍ ሳክስ ነው፣ በፈረንጆቹ 1838። ሳክስፎኑ ስሙን ይዞ ዓለምን ዞረ። ቤዝ ክላርኔቱን የሚያውቀው ግን የተጫወተው ሰው ነው ማለት ይቻላል።

አሜሪካ የመጣሁት በ13 ዓመቴ ነው፣ ከጉለሌ። ስምንተኛ ክፍል ገብቼ ትንሹን ክላርኔት ጀመርኩ። ዘጠነኛ ስገባ የባንድ አስተማሪያችን ጠራኝና ጣቶቼን አየ። ቤዝ ክላርኔት ይጫወት የነበረው ልጅ ተመርቋል፣ መሣሪያው ቁም ሳጥን ውስጥ ተኝቷል፣ «ትሞክሪዋለሽ?» አለኝ። እሺ አልኩ። ያኔ ለሁሉም ነገር እሺ ነበር የምለው፣ እምቢ ለማለት የሚበቃ እንግሊዝኛ አልነበረኝማ።

የመጀመሪያዋን ቀን እስካሁን አልረሳትም። ቁጭ ብዬ አፌ ውስጥ አገባሁት፣ ነፋሁ፣ አየር ብቻ ወጣ። ደገምኩ፣ አሁንም አየር። ሦስተኛው ላይ ጣቶቼ ሁሉንም ቁልፎች እስከ ታች ድረስ እንደደፈኑ የመጨረሻዋ ወፍራም ድምፅ መጣች። በጆሮዬ አይደለም የሰማኋት። የላይኛው ጥርስ የሚነፋበት አፍ ላይ ያርፋል፣ ስለዚህ ንዝረቱ በጥርስ ገብቶ በራስ ቅል አልፎ ደረት ውስጥ ነው የሚያርፈው። ደንግጬ አወጣሁት። ወዲያው ደግሜ ነፋሁ። ያንን ቀን እጄ ላይ ያለው እንጨት ይሁን ፕላስቲክ እንኳን አላስተዋልኩም (ፕላስቲክ ነበር፣ ትምህርት ቤት የሚያውሰው አብዛኛው እሱ ነው)።

ቤት ይዤው ስሄድ ከመሣሪያው ጋር ወረቀት ተሰጠኝ፣ ቢሰበር ወላጅ ይከፍላል የሚል። እማዬ የመሣሪያውን ዋጋ ጠየቀችኝ። ከ2,000 ዶላር በላይ ስላት ቦርሳውን ከበሩ አጠገብ አንስታ አልጋዬ ሥር ከተተችው፣ ሕፃን እንደምታስተኛ ቀስ አድርጋ። ከዚያ ፈረመች። አባዬ ማታ ከሥራ ሲመጣ ፈርቼ ነበር። ዲሲ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ነበር የሚሠራው፣ ደክሞት ነው የሚገባው። ሙዚቃ ሲባል ደግሞ የአንዳንድ አባቶቻችንን ፊት ታውቁታላችሁ። እሱ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ማርሽ ባንድ ነው?» አዎ ስለው ፊቱ በራ። ለአባዬ ማርሽ ባንድ ማለት የካቲት 23 ነው። ምኒልክ አደባባይ፣ ጠዋት፣ አያቴ ትከሻ ላይ ተቀምጦ የነሐሱን ድምፅ የሰማበት ቀን። ራት እየበላ ስለ አርባ ልጆች ነገረኝ፣ ራስ ተፈሪ በፈረንጆቹ 1924 ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተዋቸው አዲስ አበባ ስላመጧቸው የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ስለ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን። «ልጆች ነበሩ እኮ፣ እንደ አንቺ። አገር ቀይረው መጥተው የነፉ» አለኝ። ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን።

ልምምድ የሚጀመረው ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ነሐሴ ላይ ነው። የሜሪላንድ ነሐሴ ደግሞ ይቀቅላል። አስፋልት ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ቆመን መራመድ እንማራለን። በ8 እርምጃ 5 ያርድ፣ ሁልጊዜ። አንዷ እርምጃ 57 ሴንቲሜትር አካባቢ ናት፣ አጭሩም ረጅሙም እኩል ነው የሚራመዳት። ወደ ፊት ተረከዝ ይቀድማል። ወደ ኋላ ሲሆን በጣት ነው፣ ተረከዝ መሬት አይነካም። ከወገብ በላይ ንቅንቅ የለም፣ ትንፋሽ እንዳይቆረጥ። እያንዳንዱ ልጅ አንገቱ ላይ ትንሽ ደብተር ያንጠለጥላል፣ በየትኛው ቆጠራ የትኛው መስመር ላይ መቆም እንዳለበት የተጻፈባት። ያቺ ላብ የጠጣች ደብተር አሁንም አለችኝ።

ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነው። ሌሎቹ ልጆች በምሳ ሰዓት ፒዛ ሲከፍቱ እኔ እማዬ የሠራችልኝን ሽሮ ፍትፍት ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ እበላለሁ። አርብም ጾም፣ ጨዋታውም አርብ። አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። በሁለተኛው ዓመት ከአጠገቤ የምትቆመው ባሪቶን ሳክስፎን የምትጫወት የሳልቫዶር ልጅ «እስኪ ላጉርስሽ በይኝ» አለች። በእንግሊዝኛ ነበር፣ ጉርሻ የሚለውን ቃል ግን በአማርኛ ነው ያለችው። ከየት እንደሰማችው እንጃ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋ።

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ። ቤዝ ክላርኔት ሜዳ ላይ አይሰማም። አዳራሽ ውስጥ ግድግዳው ድምፁን ተቀብሎ ይመልስለታል፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ስትነፋ ወለሉ ራሱ ይነዝራል። ሜዳ ላይ ግን ግድግዳ የለም። ከኋላ ሱዛፎኖቹ አሉ፣ ትከሻ ላይ ተጠቅልለው አፋቸውን ወደ ሕዝቡ የከፈቱ፣ ከጎን ደግሞ ከበሮ። አንዳንድ ትምህርት ቤት ቤዝ ክላርኔት ተጫዋቾችን ለማርሽ ወቅት ሌላ መሣሪያ ያስይዛቸዋል። የእኛ አስተማሪ እንደዚያ አላደረገም፣ እድሜ ይስጠው። እኔም ማሰሪያው አንገቴ ላይ ቀይ መስመር እስኪያወጣ ተሸክሜው ዞርኩ።

እማዬ እያንዳንዱን ጨዋታ በስልኳ ትቀርጽ ነበር። ቤት ገብተን ሶፋ ላይ ቁጭ ብለን እናየዋለን። ድምፁን ከፍ ታደርግና ጆሮዋን ስልኩ ላይ ትደግፋለች። «የቱ ነው ያንቺ?» ትለኛለች። «ቆይ፣ አሁን ይመጣል» እላታለሁ። አይመጣም። ከበሮ ነው የሚመጣው። ወደ ኋላ መልሳ እንደገና ትከፍተዋለች። «ይሄ ነው?» «አይ፣ እሱ ሳክስፎን ነው እማዬ።» ሦስቴ አራቴ እንዲህ እንሆናለን። ፊቷ ላይ ሐዘን የለም፣ ጥፋቱ የስልኩ ነው ብላ ነው የምታምነው። እኔ ነኝ የማዝነው።

አባዬ ደግሞ ከሥራ ስለሚመጣ ሁሌ ይዘገያል። ዙሮ ወንበር እስኪያገኝ እንዳያመልጠው የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ አጥሩ ጋ ቆሞ ያያል። ትናንት እኔ የቆምኩበት አጥር ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል እያለሁ፣ ጥቅምት ላይ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደን የባንድ ውድድር ነበረን። ብርድ ነው። ብርድ ደግሞ ለእንጨት ነፊ ጠላቱ ነው፣ ድምፁን ያወርደዋል። ከመቀመጫዎቹ ጀርባ በጨለማ ተሰልፈን ተራችንን ስንጠብቅ አንዱ ሱዛፎን ዞር ሲል መሣሪያዬን ነካው። ሪዴ ጫፏ ላይ ተሸረፈች። ሪድ ማለት ከሸምበቆ የምትሰነጠቅ ስስ ነገር ናት፣ ከንፈር ሥር ተቀምጣ እየተርገበገበች ድምፁን የምትሰጠው እሷ ናት። ሸምበቆው ያው ዋሽንት የሚሠራበት ዓይነት ነው፣ ጥሩ ጥሩው ከደቡብ ፈረንሳይ ይመጣል። የእኔዋ ጫፏ ላይ የሩዝ ፍሬ ግማሽ የምታህል ጎደለች። ያቺ በቃች። ስነፋ ጩኸት ብቻ ሆነ። ትርፏ ሪድ አውቶቡስ ውስጥ፣ ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ናት። መሪያችን እጁን አነሳ፣ ገባን።

ሰባት ስምንት ደቂቃ ሳልነፋ ተራመድኩ። ጣቶቼ ሁሉንም ኖታ ተጫወቱ። እርምጃዬን አንድም አልሳትኩም። ዳኞቹ ምንም አላሉም፣ ወላጆችም አጨበጨቡ፣ አስተማሪያችንም ጎበዞች አለን። ከሜዳ ስንወጣ ጉሮሮዬን አንቆኝ ነበር። ለካ እኔ ብኖርም ባልኖርም ያው ነው እያልኩ ነበር በሆዴ። ያን ጊዜ የሳልቫዶሯ ልጅ ከኋላ እጄን ያዘችኝ። ተቆጥታለች። «የት ሄድሽ? የዜማው ሦስተኛ ክፍል ላይ ብቻዬን ቀረሁ እኮ!» አለችኝ።

ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ከታች ያለውን ድምፅ ከእኔ ላይ ነበር የምትይዘው። እኔ ከሥር ስይዝ እሷ ከላዬ ታስተካክላለች። ነግራኝ አታውቅም። እኔም ከእሷ ላይ እንደምይዝ ነግሬያት አላውቅም። አውቶቡሱ ጋ ደርሰን የተሸረፈችውን ሪድ ሳሳያት ዝም ብላ አቀፈችኝ፣ መሣሪያዎቻችን መሀላችን ሆነው እየተጋጩ።

የዚያን ዓመት በሁዳዴ የሆነውን ደግሞ ልጨምር። ማታ ማታ ክፍሌ ውስጥ ረጅም ድምፅ እለማመዳለሁ፣ አንዷን ኖታ ይዞ ትንፋሽ እስኪያልቅ መቆየት ነው። እማዬ ሳሎን ሆና የበገና መዝሙር ከፍታለች፣ ጾም ሲገባ ሌላ ነገር አትሰማም። የእሷ መዝሙር አልቆ እኔ ስቀጥል በሩን ከፈተችው። ነጠላዋን እንደተከናነበች ናት። «በገናው ያላለቀ መስሎኝ» አለች። አሥሩ የበገና አውታሮች ሥር ቁርጥራጭ ቆዳ ይገባል አይደል፣ እንዚራ የሚሉት፣ ያንን የሚነዝር ድምፅ የሚሰጠው። የቤዝ ክላርኔት የታችኛዎቹ ድምፆችም እንደዚያ ይነዝራሉ። እኔ አላሰብኩትም ነበር፣ እሷ ናት የሰማችው።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «እስኪ ያችኑ የታችኛዋን» አለችኝ። ነፋሁላት። ዓይኗን ጨፈነች። እጇን አልጋው ብረት ላይ አስቀምጣ ነበርና ብረቱም ሲነዝር ተሰማት። ፋሲካ እስኪደርስ በየማታው መጥታ ተቀመጠች። የቱ ነው ያንቺ ብላ ዳግመኛ አልጠየቀችኝም።

ትናንት ባንዱ ጨርሶ ሲወጣ በእኔ በኩል ነው ያለፈው። ያ ልጅ የመጨረሻው ነው። አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ስሙን አላውቅም፣ ስላላወቅኩም «ቤዝ ክላርኔት!» ብዬ ጮህኩ። ደንግጦ ዞረ። በአውራ ጣቱ የሪዱን ጫፍ እየነካ ደህና መሆኗን ሲያይ ነበር። አጥሩ ጋ ማን እንደጠራው ፈለገ፣ አየኝ። እጄን አነሳሁለት። መሣሪያውን ከነማሰሪያው ከደረቱ ትንሽ ከፍ አደረገና ሩጦ ሰልፉን ያዘ።