በደብተሬ ላይ «ሽንፈት» ብዬ የጻፍኩት ድል

ትናንት ማታ ግራን ቱሪዝሞ 4 በሚባለው የመኪና ውድድር የቪዲዮ ጨዋታ በአንደኝነት የጨረስኩትን ውድድር በደብተሬ ላይ «ሽንፈት» ብዬ መዝግቤዋለሁ። ጨዋታው ድሉን አጽድቆልኛል፤ የሽልማቱ ክሬዲትም በሒሳቤ ላይ ተደምሯል፤ በስክሪኑ ላይ ከታየው ነገር ሁሉ ውሳኔዬን የሚደግፍ አንድም ምልክት አልነበረም። ቢሆንም ከሁለት ወር በፊት በገዛ እጄ የጻፍኳቸውን ሕጎች ደግሜ ካነበብኩ በኋላ ሌላ ቃል ልጽፍ አልቻልኩም። ዛሬ ይህን የማሰፍረው ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ ለራሴ ግልጽ እንዲሆንልኝ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከመሰልቸት ነው። ግራን ቱሪዝሞ 4ን ለዓመታት ተጫውቼዋለሁ። ፖሊፎኒ ዲጂታል ለፕሌይስቴሽን 2 ያዘጋጀው ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ በጃፓን፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በሌሎች አገሮች ሲወጣ ከ700 በላይ መኪኖችን የያዘ ሲሆን፣ ለጀማሪ ተጫዋች የሚሰጠው መነሻ ገንዘብ ግን 10,000 ክሬዲት ብቻ ነው። በዚያች ገንዘብ ያገለገለ መኪና ገዝቶ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተናዎችን አንድ በአንድ አልፎ፣ ከትንንሾቹ ውድድሮች ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ላይ መውጣት የጨዋታው ዋና ጣዕም ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ኃይለኛ መኪና እጅ ከገባች ያ ጣዕም ይጠፋል። ተፎካካሪዎቼ በመጀመሪያው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ከኋላዬ ይቀራሉ፤ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ባዶ መንገድ ላይ ብቻዬን እዞራለሁ።

ጨዋታው ራሱ ይህን አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ሳላስተውለው የቆየሁት እኔ ነኝ። ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት ተጫዋቹ ቢያሸንፍ የሚያገኘው «ኤ-ስፔክ» የሚባል ነጥብ ይታያል። ነጥቡ የሚሰላው የተጫዋቹ መኪና ከተፎካካሪዎቿ አንጻር ባላት አቅም ሲሆን፣ መኪናዋ ደካማ በሆነች መጠን ነጥቡ እየጨመረ እስከ 200 ይደርሳል። አንድ ምሽት ለወትሮው ትኩረት ወደማልሰጠው ወደዚያ ቦታ ዓይኔን ብጥል 1 የሚል ቁጥር አየሁ። ያንን ውድድር ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ችሎታ ከ200 አንድ እንደሆነ እየተነገረኝ ነበር። በዚያው ምሽት አዲስ ጨዋታ ጀመርኩ፤ ደብተርም አዘጋጀሁ።

ሕጎቼን ያወጣሁት መኪናዋን ከመረጥኩ በኋላ ነው። የመረጥኳት እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣችውን ትንሿን ማዝዳ ሮድስተር ነው፤ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር፣ ወደ 120 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷ ከ1,000 ኪሎ ግራም የማይሞላ፣ በኋላ ጎማዎቿ የምትነዳ። እርሷን የሚቀበል ውድድር እስካለ ድረስ በሌላ መኪና ላለመወዳደር ወሰንኩ። ኃይል የሚጨምር ማንኛውንም ዕቃ፣ የውድድር ጎማንም ሆነ ናይትረስ የሚባለውን የሞተር ኃይል ማሳደጊያ ጋዝ ላለመግዛት፣ ጎማ እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠሩትን የመንዳት እገዛዎች ሁሉ ለመዝጋት፣ እንዲሁም ጨዋታው «ቢ-ስፔክ» በሚለው ስልት ሌላ ሹፌር በእኔ ቦታ እንዳይነዳ ለማድረግ ለራሴ ቃል ገባሁ። የተሸነፍኩበትን ውድድር በዚያው ምሽት ዳግመኛ መጀመርም ክልክል ነው፤ ውጤቱ ተጽፎ እስከ ማግስቱ ይጠበቃል። ከሁሉም ክብደት የሰጠሁት የመጨረሻውን ነው፦ ግድግዳም ሆነ ሌላ መኪና አይነካም፤ በንክኪ የተገኘ ድል እንደ ሽንፈት ይቆጠራል።

ይህ የመጨረሻው ሕግ ለምን እንዳስፈለገኝ ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። በግራን ቱሪዝሞ 4 መኪና አይጎዳም። በፍጥነት ወደ ኩርባ ገብቶ ከፊት ያለውን መኪና ጎን እንደ ፍሬን መጠቀም፣ ወይም የግድግዳውን ጠርዝ እየታከኩ መታጠፍ፣ ምንም ዋጋ ሳያስከፍል ብዙ ሰከንድ ያተርፋል። እኔም ለዓመታት የነዳሁት እንደዚያ ነው፤ አሁን ሳስበው ያሸነፍኳቸው አብዛኞቹ ውድድሮች በመንዳት የተገኙ አልነበሩም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዲስ ትምህርት ነበሩ ማለት እችላለሁ። ኃይለኛ መኪና የሚነዳ ሰው ኩርባ ላይ የሠራውን ስሕተት በቀጣዩ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነዳጅ በመስጠት ብቻ ይሰርዘዋል። በ120 የፈረስ ጉልበት ግን ስሕተት አይሰረዝም፤ ከኩርባው ስወጣ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ያጣሁት ፍጥነት እስከሚቀጥለው ኩርባ ድረስ አብሮኝ ይጓዛል፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥርም ዕዳው እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ ፍሬን የምይዝበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን የምለቅበትን መንገድ ጭምር መማር ነበረብኝ። አንድ ጎማ መንገዱን የሚጨብጥበት አቅም ውስን ስለሆነ ያንኑ አቅም ለማቆምም ለመታጠፍም ይከፋፈለዋል፤ ፍሬን ላይ ሙሉውን ያጠፋ ሹፌር መሪውን ቢያዞር መኪናዋ ቀጥ ብላ ከመሄድ በቀር ምርጫ የላትም። ፍሬን ሲያዝ የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ይጫናል፣ የፊት ጎማዎቹም መንገዱን የበለጠ ይጨብጣሉ፤ ፍሬኑን በአንድ ጊዜ ሳይለቁ መሪው በሚዞርበት መጠን ቀስ በቀስ ማላላት የሚያስፈልገውም ያ ጭነት ከፊት ጎማዎቹ ላይ ድንገት እንዳይነሣ ነው። ይህን ቀደም ሲል በንባብ አውቀው ነበር፤ በጣቶቼ ያወቅኩት ግን ሁለት ኪሎ ሜትር በሚያህለው በጃፓን ባለው በትንሹ የፁኩባ የውድድር መንገድ ላይ፣ ማምለጫ ኃይል በሌላት መኪና ውስጥ ነው።

ያልጠበቅኩት ችግር የመጣው ከዘይት ነው። በጨዋታው ውስጥ የሞተር ዘይት መቀየር የመኪናዋን ኃይል በመጠኑ ከፍ ያደርጋል። ዘይት መቀየር ጥገና ነው ወይስ ኃይል መጨመር? ሕጌ «ኃይል የሚጨምር ማንኛውም ዕቃ» ይላል፤ በሌላ በኩል ግን መኪና ያለው ሰው ሁሉ ዘይት ይቀይራል። መጀመሪያ ፈቀድኩት። ከሦስት ቀን በኋላ ግን አንድ ጠንካራ ተፎካካሪ ያለበትን ውድድር ከመጀመሬ በፊት ዘይት ለመቀየር ስሄድ ራሴን አገኘሁት፤ ዘይቱ ገና አዲስ ነበር። በዚያ ጊዜ የፈለግኩት ጥገና ሳይሆን ጥቅም እንደነበር ራሴ አውቃለሁና በደብተሩ ላይ «ዘይት አይቀየርም» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ሕግ ሲጻፍ ያልታየው ቀዳዳ የሚታወቀው ሰው በዚያ ለመሹለክ ሲፈልግ ነው።

የንክኪው ሕግም የራሱ ቀዳዳ ነበረው። በእያንዳንዱ ውድድር ስድስት መኪኖች ይሰለፋሉ፤ በጨዋታው የሚነዱት አምስቱ የያዙትን መስመር እምብዛም ስለማይለቁ፣ ከፊታቸው ሰው ቢኖርም ብዙ ጊዜ ከኋላ ይገጫሉ። በዚህ ምክንያት አራት ድሎችን ከሰረዝኩ በኋላ ሕጉ በማይገባ ሁኔታ እየቀጣኝ እንደሆነ ስለተሰማኝ «በእኔ ጥፋት የመጣ ንክኪ» ብዬ አሻሻልኩት። ማሻሻያው ትክክል ነበር፤ አሁንም ትክክል ነው እላለሁ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ሹፌር ብቻ አልነበርኩም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የምወስን ዳኛም ሆንኩ፤ የምዳኘው ደግሞ ራሴን ነው።

ትናንት የተወዳደርኩት በጀርመን የአይፈል ተራሮች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1927 በተከፈተው በኑርቡርግሪንግ ሰሜናዊ መንገድ፣ በኖርድሽላይፈ ላይ ነው። ርዝመቱ ከ20 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከ70 በላይ ኩርባዎች አሉት፤ በእኔ መኪና አንዱ ዙር አሥር ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የጨዋታው ፈጣሪ ካዙኖሪ ያማኡቺ ከዓመታት በኋላ በዚያ በሚካሄደው የ24 ሰዓት ውድድር በእውነተኛ መኪና እስከ መሳተፍ ደርሷል፤ ለቦታው ያለው ፍቅር በጨዋታው ውስጥ በእያንዳንዱ ዳገትና ቁልቁለት ይታያል። ለደካማ መኪና ከዚህ የሚከብድ መንገድ የለም፤ ቁልቁለቱ የሰጠውን ፍጥነት ዳገቱ ይቀማል።

ፉክስሮሬ በሚባለው ቁልቁለት መጨረሻ ላይ አንደኛ ነበርኩ። መንገዱ እዚያ በፍጥነት ይወርድና ወዲያው ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያም አዴናወር ፎርስት የሚባለው፣ አስቀድሞ የማይታይ ጠባብ ጥምዝ ይመጣል። ፍሬን ያዝኩ። ወዲያው ከኋላዬ ደፍን ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ መቆጣጠሪያው በእጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ መኪናዬ ትንሽ ተገፋችና መስመሯን ያዘች። ተገጨሁ እንጂ አልገጨሁም፤ ሕጉ አይመለከተኝም ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። በጀርመናዊው የመኪና ተወዳዳሪ በሩዶልፍ ካራቺዮላ ስም የተሰየመውን የካሩሴልን የኮንክሪት ኩርባ በንጽሕና አለፍኩ፤ እስከ መጨረሻውም ማንም አልደረሰብኝም።

ከዚያ በኋላ ግን ያንን ድምፅ መርሳት አቃተኝ። ጨዋታው ውድድሩን እንደገና ስለሚያሳይ ያንን ቦታ መልሼ አየሁት፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አየሁት። ፍሬን የያዝኩት ሁልጊዜ ከምይዝበት ቦታ ሦስት የመኪና ርዝመት ያህል ቀድሜ ነው። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፦ መሪነቱን ላለማጣት ፈርቼ ነበር። ከኋላዬ ያለው መኪና እንደማይጠነቀቅልኝ እያወቅኩ፣ ማንም ፍሬን በማይይዝበት ቦታ ላይ ፍሬን ያዝኩ። የገጨኝ እርሱ ነው፤ ለግጭቱ ምክንያት የሆንኩት ግን እኔ ነኝ። ግፊያውም ቢሆን ከልክ በላይ ላዘገየሁት መኪና ያጣችውን ፍጥነት በጥቂቱ መልሶላታል።

ጎልፍ ተጫዋቹ ቦቢ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1925 በአሜሪካ ኦፕን ላይ ኳሱ ስትንቀሳቀስ ከእርሱ በቀር ያየ ሰው ባይኖርም በራሱ ላይ አንድ የቅጣት ምት አስቆጥሮ፣ ውድድሩን በእኩል ነጥብ ጨርሶ በተጨማሪው ጨዋታ ተሸንፏል። እርሱ ግን ዳኞች ነበሩት፤ የሚነግራቸው ሰዎች ነበሩ። እኔ የምነግረው ለደብተሩ ብቻ ነው፤ ደብተሩም ቢሆን የምጽፍበትን ከመቀበል በቀር አይጠይቀኝም። ለረጅም ጊዜ ብዕሩን ይዤ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው። «ድል» ብዬ ብጽፍ የሚጎዳ ሰው የለም፤ የሚታለል ሰውም የለም፤ ሁለት ወር ሙሉ በጥንቃቄ የሞላኋቸው ገጾች ግን በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት ሁሉም የሚያጠራጥሩ ይሆኑብኛል። በሌላ ገጽ ላይ «ንክኪ የለም» ብዬ የጻፍኩትን እኔ ራሴ ማመን ካልቻልኩ እነዚያ ምሽቶች ምን እንደነበሩ አላውቅም። «ሽንፈት» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም «ባልተለመደ ቦታ ፍሬን መያዝ እንደ ጥፋት ይቆጠራል» የሚል አዲስ መስመር ጨመርኩ።

ዛሬ ማታ ያንኑ ውድድር ደገምኩት። አዴናወር ፎርስት ላይ ፍሬን የያዝኩት በተለመደው ቦታ ነበር፤ ነገር ግን ከኩርባው በሰፊው ወጣሁና አንድ መኪና አለፈኝ። በረጅሙ የኬሰልሸን ዳገት ላይ እየራቀኝ ሄደ፤ ከካሩሴል በኋላ ባሉት ኩርባዎች ግን ጥቂት በጥቂት ደረስኩበት። የመጨረሻው ዕድሌ ደቲንገር ሆሄ የሚባለው፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ቀጥ ያለ መንገድ ነበር። የአየር መቋቋም ፍጥነት በጨመረ ቁጥር በካሬው ስለሚያድግ፣ ደካማ መኪና እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ያላት ተስፋ ከፊቷ ያለው መኪና በከፈተላት አየር ውስጥ መጠለል ብቻ ነው። ከኋላው ተጠግቼ ተከተልኩት፤ በመካከላችን ያለው ርቀት እየጠበበ ከግማሽ መኪና በታች ደረሰ። ለማለፍ ወደ ጎን የምወጣበት ጊዜ ሲደርስ ለአንድ አፍታ ዘገየሁ፤ ትንሽ ብቀጥል መከላከያውን እነካው ነበርና ከነዳጁ ላይ ጣቴን አነሣሁ። የመጨረሻውን መስመር ያለፍኩት ከእርሱ በኋላ ነው፤ ልዩነታችን ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነበር።

«ሁለተኛ። ንክኪ የለም» ብዬ ጽፌያለሁ። ከዚህ ገጽ በላይ ደስ ያለኝ ገጽ በደብተሩ ውስጥ የለም፤ አሁን ደግሞ እጄ ወደ መቆጣጠሪያው መሄድ ይፈልጋል፤ በዚያ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ከመቼ ጀምሮ ወደ ጎን መውጣት እንደነበረብኝ በትክክል አውቄዋለሁ። ነገር ግን የተሸነፍኩበት ውድድር በዚያው ምሽት አይደገምም፤ ነገ እስኪመሽ እጠብቃለሁ።