እባብ መንገድ ላይ ሲጋደም ፍሬኑን ምን እናድርገው?

በተራራ ብስክሌት መንገድ ላይ እባብ ሲያጋጥም ከንድፊያው በፊት የሚመጣው አደጋ መውደቅ ነው። በጠጠርና በደረቅ አፈር ላይ የፊት ፍሬን በድንጋጤ ከተጨበጠ የፊት ጎማው ይከዳል። ነጂው ደግሞ የሚዘረረው እዚያው እባቡ አጠገብ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ብስክሌት በሴኮንድ 5.5 ሜትር ያህል ይጓዛል። ዓይን አይቶ ጣት ፍሬኑን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ገደማ ያልፋል፤ ልቅ አፈር ላይ ለመቆም ደግሞ ሌላ 4 ወይም 5 ሜትር ያስፈልጋል። ስለዚህ እባቡ 15 ሜትር ርቆ ከታየ በሁለቱም ፍሬን ቀስ ብሎ መቆም ይቻላል። 5 ሜትር ላይ ከታየ ግን መቆም አይቻልም፤ መሞከሩም እባቡ አናት ላይ ማረፍ ነው።

ያኔ ፍሬኑን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፔዳሎቹን አግድም አስተካክላችሁ እለፉ። ታች የወረደ ፔዳል ከመሬት የሚርቀው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ግን እግራችሁ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። እግርን መሪው ላይ መስቀል ያስቃል እንጂ አይጠቅምም፤ ብስክሌቱን የሚቆጣጠር አይኖርም። ቦታ ካለ በጭራው በኩል እለፉ፤ በእባቡና ሊገባበት በሚሄደው ቁጥቋጦ መካከል አትግቡ። መዝለልም ለለመደው ብቻ ነው፤ የፊት ጎማው አልፎ የኋላው እባቡ ላይ ካረፈ ምንም አልተተረፈም።

«ድምፅ ሰምቶ ይሸሻል» የሚለውን አትመኑ። እባብ የውጭ ጆሮ የለውም፤ በዋናነት የሚረዳው የመሬትን ንዝረት ነው። የእግረኛ ኮቴ ቀድሞ ያስጠነቅቀዋል፤ ብስክሌት ግን ንዝረቱ ሳይቀድመው ይደርሳል። እፉኝት ደግሞ ቢያውቅም ብዙ ጊዜ አይንቀሳቀስም፤ መልኩ ከአፈሩና ከቅጠሉ ጋር ስለሚመሳሰል ዝም ማለቱ መደበቂያው ነው።

ሰዓቱም ይወስናል። ከቀዝቃዛ ሌሊት በኋላ እባቦች ጠዋት ፀሐይ የሚመታው ገላጣ ቦታ ላይ ይሞቃሉ። በሙቀት ወራት ደግሞ ሲመሽ ይወጣሉ። ማታ የምትነዱ ከሆነ የራስ ቁር መብራት ብቻውን አይበቃም፤ ከዓይን አጠገብ ስለሚያበራ ጥላ አያሳይም። መሪው ላይ የታሰረ መብራት ዝቅ ብሎ ስለሚመጣ የተጋደመውን ነገር በጥላው ያጋልጠዋል። (እርግጥ እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ጠማማ እንጨት ሁሉ ያስደነግጣችኋል።)

በቡድን ሲነዳ ለሁለተኛውና ለሦስተኛውም ያሰጋል፤ የመጀመሪያው ሲያልፍ እባቡን ቀስቅሶት ሊሆን ይችላል። ፊት ያለው «እባብ፣ በቀኝ!» ብሎ ይጩህ፤ ከኋላ ያሉትም ርቀት ይጠብቁ።

ጎማ ሲተነፍስ ለመጠገን ገላጣ ቦታ ምረጡ። ከድንጋይ ክምርና ከወደቀ ግንድ ራቁ፤ የማታዩበት ቦታ እጅ አትስደዱ። መሬት ላይ ያኖራችሁትን ጓንትና የራስ ቁር ሳታራግፉ አታጥልቁ።

ከቆማችሁ ቢያንስ 3 ሜትር ራቁና መንገዱን ልቀቁለት። በእንጨት መጎርጎር፣ ድንጋይ መወርወር የለም።

ከነደፈ መጀመሪያ ከእባቡ ራቁ፤ ከዚያ ተቀመጡ። ቀለበት፣ ሰዓትና ጫማ እብጠቱ ሳይመጣ አውልቁ። የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፋችሁ እሰሩ፤ እብጠቱ የደረሰበትን በብዕር አስምራችሁ ሰዓቱን ጻፉ። ገመድ አጥብቆ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ መምጠጥ፣ በረዶ ማድረግ ጉዳቱን ያባብሳል። አስፒሪንና አይቡፕሮፌን ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ስለሚችሉ ይቅሩ። እርዳታ ጥሩና የተነደፈው ሰው ሳይነዳ፣ ከተቻለም ሳይራመድ፣ ሐኪም ቤት ይድረስ። ፀረ መርዙ ያለው እዚያ ነው። ባያብጥም ባያምም መሄድ ግድ ነው፤ አንዳንዱ መርዝ ሰዓታት ቆይቶ ነው የሚታወቀው።

መርዝ የሚተፋ ኮብራ ባለበት አካባቢ መነጽር አታውልቁ፤ ከ2 ሜትር ርቀት ዓይን ላይ ማድረስ ይችላል። ከገባ ዓይንን ሳታሹ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በውሃ እጠቡ። ለዚህ ሲባል ከሁለቱ ኮዳዎች አንዱ ስኳርና ጨው ያልገባበት ንጹሕ ውሃ ይሁን።

ጎማ የረገጠውንም እባብ ሞቷል ብላችሁ አታንሱ፤ ጭንቅላቱ ከተቆረጠ በኋላ እንኳ መንደፍ ይችላል። ራጂ (የጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች) ውስጥ ከተጠላለፈ ረጅም እንጨት ፈልጉ፤ እጃችሁን አታስጠጉ።