መኮንኑ መነኩሴ

ሰሞኑን አንድ ሩሲያዊ ሐሳቤን ይዞት ሰንብቷል። አሌክሳንደር ቡላቶቪች ይባላል። የአገራችንን ታሪክ የሚከታተል ሰው ስሙን ሳያውቀው አይቀርም፤ ከዐፄ ምኒልክ ጦር ጋር የዘመተው የሩሲያ መኮንን ነው። ብዙ ጊዜ ታሪኩን የምናቆመው እዚያ ላይ ነው። መጽሐፉን እንጠቅሳለን፣ ስለ እኛ የጻፈውን ደግ ደጉን እንመርጣለን፣ እናልፋለን። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በ1870 ነው የተወለደው። አባቱ ጄኔራል ነበሩ፤ ልጃቸው ገና ሕፃን ሳለ ሞቱ። ዛሬ በዩክሬን ውስጥ ባለችው በሉትሲኮቭካ፣ በቤተሰቡ ርስት ላይ አደገ። በፒተርስበርግ የመኳንንት ልጆች የሚገቡበት ትምህርት ቤት ተምሮ ጨረሰ፤ ከዚያም የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ ፈረሰኛ ሆነ። ምን ጎደለው?

በ1896፣ ከዐድዋ ድል በኋላ፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቁስለኞችን ሊያክም ሲመጣ አብሮ መጣ። ያኔ ባቡር የለም። ከጅቡቲ ሐረር በግመል አራት ቀን ሳይሞላው ገባ። አማርኛም ተማረ። በ1898 ደግሞ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ካፋን አቋርጦ፣ ያኔ ሩዶልፍ ይባል ወደነበረው ወደ ቱርካና ሐይቅ ወረደ።

ዘመቻ መቼም ዘመቻ ነው። ለአንዱ የአገር ድንበር የሰፋበት ቀን ነው፤ ለሌላው ቤቱ የጠፋበት። በዚያ መሀል ቡላቶቪች አንድ ትንሽ ልጅ አገኘ። ክፉኛ የቆሰለ፣ የተሰለበ ሕፃን ነው። ማን እንደዚያ እንዳደረገው መጠየቅ ለእኛ ደስ የሚል ጥያቄ አይደለም። አነሣው፣ አስታመመው፣ ይዞት ሄደ። ሩሲያ ወስዶ አስጠመቀው። ቫሲሊ ተባለ፤ ሲያቆላምጡት ቫስካ ይሉት ነበር። ግን እዚያም አልተመቸውም። እኩዮቹ መሳቂያ አደረጉት፤ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

ቡላቶቪች ከዚህ በኋላ ቻይና ውስጥ ማንቹሪያ ሄዶ ተዋግቷል። ከዚያ በ1903 ማዕረጉን፣ ፈረሱን፣ ሁሉን ትቶ ገዳም ገባ። የክሮንስታድቱ አባ ዮሐንስ፣ ያኔ የሩሲያ ሕዝብ የሚጎርፍላቸው ቄስ፣ ልቡን እንደነኩት ይነገራል። ይሆናል። እኔ ግን ያን ሁሉ ሬሳ አይቶ የተመለሰ ሰው በቤተ መንግሥት ግብዣ ላይ እንደ ድሮው ይስቃል ብዬ አላስብም። ዛሬ በግሪክ ውስጥ ባለው የመነኮሳት ምድር፣ አቶስ ተራራ ላይ፣ በሩሲያውያኑ የቅዱስ እንድርያስ ገዳም መነኮሰ። ስሙም አባ እንጦንስ ሆነ፤ በ1910 ቅስና ተቀበለ።

እዚህ ላይ ታሪኩ በሰላም ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። በአቶስ መነኮሳት ዘንድ ስለ እግዚአብሔር ስም ትልቅ ክርክር ተነሣ። መቁጠሪያ ይዘው «ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ ማረኝ» እያሉ ቀን ከሌት የሚጸልዩ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ አንዳንዶቹ፣ የእግዚአብሔር ስም ራሱ እግዚአብሔር ነው አሉ። ሌሎቹ ይኼ ኑፋቄ ነው አሉ። አርባ አንድ እግዚኦታ እየሰማ ያደገ ሰው የመጀመሪያዎቹ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያቅተውም። አባ እንጦንስ የእነሱ ጠበቃ ሆነ። ብዕሩንም አነሣ፣ ጉልበቱንም። በ1913 መጀመሪያ ገዳሙ ውስጥ ግብ ግብ ተነሥቶ አበ ምኔቱ ሲባረሩ እሱ ከፊት ነበር። ቆብ ደፍቶም መኮንን ነው! እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ አልወደውም። አንድ ሽማግሌ አባትን በጉልበት አስወጥቶ ስለ ኢየሱስ ስም መከራከር አይዋጥልኝም።

የመጣው ምላሽ ግን የባሰ ነበር። የሩሲያ ሲኖዶስ ትምህርቱን አወገዘ። በዚያው ዓመት በጋ ላይ የጦር መርከብ ወደ አቶስ ተላከ። ወታደሮች በመነኮሳቱ ላይ የውሃ ቱቦ ለቀቁባቸው፤ ከ800 በላይ የሚሆኑትን በመርከብ ጭነው ኦዴሳ አወረዷቸው። አባ እንጦንስ ያኔ ፒተርስበርግ ነበር፣ ሊሟገትላቸው ሄዶ። እሱም አልቀረለትም፤ ተጋዘ። የተጋዘው የት መሰላችሁ? ሉትሲኮቭካ፣ የእናቱ ቤት። ሰው ለእግዚአብሔር ብሎ ጥሎት የወጣው ርስት መታሰሪያው ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲፈነዳ ልሂድ ብሎ ለመነ፤ ተፈቀደለት። ለሠራዊቱ ቄስ ሆኖ ከቀድሞ ዓለሙ ጋር እንደገና ተገናኘ፤ በዚህኛው ጊዜ መስቀል ይዞ። ዓይኑ እየደከመ ወደ ሉትሲኮቭካ ተመለሰ። በታኅሣሥ 1919፣ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ሲታመስ፣ በሌሊት የመጡ ሽፍቶች ገደሉት።

ከዚህ ሁሉ የምወድለት የ1911 ጉዞውን ነው። ጠቡ ገና ሳይጋጋል፣ መነኩሴ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። አንድ ሐይቅ ላይ የሩሲያ ገዳም ልትከል ብሎ ነበር፤ አልሆነለትም። ዐፄ ምኒልክ ያኔ ሽባ ሆነው ተኝተዋል። ሊጸልይላቸው ገባ፤ ጠበልም ይዞ ነበር። አልዳኑም። ግን የጉዞው አንዱ ምክንያት ቫስካን መጠየቅ ነበር። ልጁን ከሜዳ ላይ ካነሣው አሥራ ሦስት ዓመት አልፎታል። የሩሲያው ኑሮ አልሆነለትም፣ አገሩ ገብቷል፣ በቃ ብሎ መተው ይችል ነበር። ያሳደገው ሰው እንደመሆኑ ያ ልጅ እዚያ የተሰደበው በእሱ ምክንያት መሆኑንም ሳያስበው አልቀረም። ማንም አልጠየቀውም፤ ከአቶስ አዲስ አበባ ድረስ ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣው።