ካውንተሩን ሳልነቅል ማደስ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የኩሽናዬ ካውንተር ፎርማይካ ነው፤ ከሥሩ ቺፕውድ አለ። ፊቱ ደብዝዟል፣ ቢላዋ ጫጭሮታል፣ ከሲንኩ ጎን ደግሞ አብጦ ወደ ላይ ተነስቷል። ካቢኔዎቹ ግን ደህና ናቸው። ካውንተሩን ልንቀል ብል ሲንኩም ይነቀላል፣ የግድግዳው ሴራሚክም አብሮ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ባለበት ላድሰው ወሰንኩ። የሚለጠፍ ስቲከር አስቤ ነበር። ጠርዙ በእርጥበት ቶሎ ይላቀቃል ብዬ ተውኩት። የመረጥኩት ቀለም ቀብቶ ከላይ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ ደርቆ ጠንካራ ሽፋን የሚሆን) ማፍሰስን ነው።

ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ ያበጠው ቦታ ነው። መጀመሪያ ሲደርቅ ወደ ቦታው ይመለሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። አይመለስም። ቺፕውድ በሙጫ የተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ ነው። ውሃ ሲገባበት ፍቅፋቂው ያብጣል፣ መያዣው ይላላል፤ ከዚያ በኋላ ቢደርቅም እንዳበጠ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው የሚገባበትን ፈለግኩ። በሲንኩ ዙሪያ ያለው ሲሊኮን ተሰነጣጥቆ ነበር። ሙሉ በሙሉ ልጬ አወጣሁትና ቦታውን አንድ ሳምንት በቬንትሌተር አደረቅሁት። ከዚያ የተነሳውን ፎርማይካ ቆርጬ አነሳሁ፣ የሚፈረፈረውን እስከ ጠንካራው ድረስ ፋቅሁ፣ ጉድጓዱንም በመኪና ስቱኮ ሞላሁት። ይህ ስቱኮ ማጠንከሪያው ከተቀላቀለበት በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ አቡኩ።

ቀጥሎ ጽዳት። እዚህ ላይ ተሳስቼ ነበር። ሳላጥብ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ጀመርኩ። ቅባቱ ጭረቱ ውስጥ ገባ። ጥግ ላይ ለሙከራ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባ) ቀብቼ፣ ሲደርቅ የወረቀት ፕላስተር ለጥፌ ሳነሳው ቀለሙም አብሮ ተላቀቀ። ስለዚህ ሁሉንም ፋቅሁና እንደገና ጀመርኩ፦ በቅባት ማስለቀቂያ ሁለት ጊዜ ማጠብ፣ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማሸት። የማሸቱ ዓላማ ፎርማይካውን መጨረስ አይደለም፤ አንጸባራቂነቱን ማጥፋት ብቻ ነው። የሲሊኮን ቅሪትም እንዳይቀር። እሱ ባለበት ቦታ ቀለም አይይዝም፣ ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻል። በሁለተኛው ሙከራ ፕላስተሩ ባዶውን ተነሳ። ደስ አለኝ!

ፕራይመሩንና ቀለሙን በትንሽ ሩሎ፣ ስስ አድርጌ ሁለት ሁለት ጊዜ ቀባሁ። እዚህ ብዙ የምለው የለኝም።

ኢፖክሲው ግን ትኩረት ይፈልጋል። መጠኑን ለማስላት ርዝመትና ወርድን በሜትር፣ ውፍረቱን በሚሊሜትር አባዙ፤ መልሱ በሊትር ይመጣል። የእኔ 2.4 ሜትር በ0.6 ነው። በ2 ሚሊሜትር ውፍረት 2.88 ሊትር ይሆናል። በጠርዝ የሚፈሰውን አስቤ ጨመር አደረግኩ። ከማፍሰሴ በፊት ካውንተሩን በውሃ ልክ ለካሁት፤ ያዘመመ ከሆነ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይሄዳል።

የእኔው ኢፖክሲ የሚቀላቀለው አንድ ለአንድ ነው፣ በይዘት እንጂ በክብደት አይደለም። የሁለቱ ፈሳሾች ክብደት ስለሚለያይ በሚዛን እኩል ካደረጋችሁት ልኩን ይስታል። የዕቃውን ጎንና ታች እየጠረጋችሁ በደንብ አማስሉ። ከዚያ ወደ ሌላ ንጹህ ዕቃ ገልብጣችሁ ደግማችሁ አማስሉ። ይህን ሁለተኛውን ዙር ዘለልኩት። የዕቃው ግድግዳ ላይ የቀረውን ጠርጌ ያፈሰስኩበት ጥግ እስከ ማግስቱ ተጣብቆ ቆየ። ያልተቀላቀለ ኢፖክሲ ምንም ያህል ብትጠብቁት አይደርቅም። ፍቄ አነሳሁት፣ በአልኮል ጠረግሁት፣ አሽቼ እንደገና አፈሰስኩበት። አሁን ልዩነቱ የሚታየው ጎንበስ ብሎ በብርሃን ላየው ሰው ብቻ ነው።

ከተቀላቀለ በኋላ ዕቃው ውስጥ አታቆዩት። ብዙው አንድ ላይ ሲሆን ይግላል፣ ሊጨስም ይችላል። ቶሎ አፍስሱና ዘርጉት። የአየር አረፋዎቹን ሞቃት አየር በሚነፋ መሣሪያ፣ አንድ ቦታ ሳላቆም አጠፋኋቸው። ከጠርዙ ሥር የሚንጠባጠበውንም ሳይደርቅ ጠረግሁ።

ጓንት አደራ። ያልደረቀ ኢፖክሲ ቆዳ ሲነካ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል፤ አለርጂው አንዴ ከያዘ አይለቅም። መስኮት ክፈቱ፣ ስታሹም ማስክ አድርጉ።

በ24 ሰዓት ለንክኪ ደረቀ። መመሪያው ግን ዕቃ ከማስቀመጥ በፊት 7 ቀን ጠብቁ ይላል። ዛሬ 5ኛው ቀን ነው። ሲደርቅ የሲንኩን ዙሪያ በአዲስ ሲሊኮን እዘጋለሁ። ከዚያ በኋላም የጋለ ድስት በቀጥታ አይቀመጥበትም፤ ኢፖክሲ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ምልክትም ይይዛል። ማስቀመጫ እንጨት ከወዲሁ አዘጋጅቻለሁ።

በመስኮቱ በኩል ያለው አጭሩ ካውንተር ገና አልተነካም። እሱን የማያብረቀርቅ ላደርገው እፈልጋለሁ። ኢፖክሲ ላይ ማት ቫርኒሽ ቀብታችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ በጥቅም ላይ እንዴት እንደከረመ ንገሩኝ።