ኢምፔሪያልን ያዘጋው የሃይድሮሊክ እጀታ

ኮምቦልቻ ኤርፖርት የሚያርፈው ኪው 400 አውሮፕላን ሁለት ሞተር ነው ያለው። «አንዱ ቢጠፋስ?» ብሎ የሚጠይቅ ተሳፋሪ አይጠፋም። መጠየቅ ያለበት ግን ያ ሞተር የሚያሽከረክረውን ፓምፕ ሥራ ማን ይተካዋል የሚለው ነው። የኢምፔሪያል አየር መንገድ ታሪክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ኢምፔሪያል መቀመጫውን አሜሪካ፣ ማያሚ ያደረገ፣ በኮንትራት በረራ የሚኖር አነስተኛ ድርጅት ነበር። ቀድሞ ሬጂና ካርጎ ይባል ነበር፤ በዚያ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1953 ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ዲሲ 3 አውሮፕላን ተከስክሶበት 21 ሰው ሞቷል፤ 19ኙ ወታደሮች ናቸው።

ጥቅምት 29 ቀን 1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1961) ባለ አራት ሞተር ኮንስቴሌሽን አውሮፕላኑ 74 የጦር ምልምሎችን ከኒውዋርክ፣ ከዊልክስባሪና ከባልቲሞር ለቃቅሞ ወደ ሳውዝ ካሮላይና ሲበር፣ የቀኝ ክንፉ 3ኛና 4ኛ ሞተሮች በነዳጅ አያያዝ ስህተት ነዳጅ አጥተው ቆሙ። አብራሪዎቹ ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለችው ሪችመንድ ዞሩ።

ኮንስቴሌሽን በሁለት ሞተር ይበራል። ጎማ የሚያወርደው የሃይድሮሊክ (የፈሳሽ) ግፊት ግን የሚመጣው ከቆሙት ሞተሮች ፓምፖች ነበር። በግራ ያሉት ፓምፖች የሚሠሩት ለመሪው ነው። ሁለቱን መስመር የሚያገናኝ የማሻገሪያ እጀታ አለ፤ እሱን ቢያዞሩት የግራው ግፊት ጎማውን ያወርድ ነበር። አላዞሩትም። ኪው 400 ላይም ጎማው የሚሠራው በቀኙ ሞተር መስመር ነው፤ ነገር ግን በግራው መስመር ግፊት የቀኙን የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ አለው፤ ያም ባይሠራ ጎማውን በራሱ ክብደት የሚለቅ ሌላ መንገድ አለ።

ጎማው እምቢ ሲል ማረፉን ትተው ወደ ሌላ ማኮብኮቢያ ዞሩ። በዙሩ ላይ 1ኛው ሞተር ከልክ በላይ ተጨንቆ ተበላሸ። በቀረው አንድ ሞተር ከፍታ መያዝ አልተቻለም፤ ከምሽቱ 3:24 ላይ ማኮብኮቢያው ሊደርሱ 800 ሜትር ያህል ሲቀራቸው ወደቁ። ከ79ኙ 77ቱ ሞቱ። ካፒቴኑና የበረራ ኢንጂነሩ ብቻ በሕይወት ወጡ። ምልምሎቹን የጨረሳቸው ግጭቱ አልነበረም፤ የእሳቱ ጭስ ነው። እጅግ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

መርማሪዎቹ ጥፋቱን የሰጡት ለቅንጅት ማጣት፣ ለተሳሳተ ውሳኔና መሣሪያውን በደንብ ላለማወቅ ነው። ለእኔ ሦስተኛው ያመዝናል፤ የነዳጁም የእጀታውም ስህተት ከዚያ የመጣ ነው። ኢምፔሪያል ፈቃዱን ተነጠቀ። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው ሕግም መሰል ድርጅቶች ብቃታቸውን እንዲያሳዩና ኢንሹራንስ እንዲኖራቸው ግዴታ ጣለባቸው።