ማን ቀድሞ አነበበው?

አቤቱታው አጭር ነበር፤ «የጻፍኩትን ዋጋ መሣሪያው አይቀበልም።» በቺፕ ላይ የሚሠራ ፕሮግራምን ስሕተት ለመፈለግ የሚያገለግለውን የማረሚያ ሶፍትዌራችንን የሚጠቀም አንድ መሐንዲስ ፕሮግራሙን ብሬክፖይንት (እንዲቆም ምልክት የተደረገበት መስመር) ላይ አቁሞ የአንድ ተለዋዋጭ ዋጋ ይቀይራል። መስኮቱም አዲሱን ዋጋ ያሳየዋል። «ቀጥል» ሲል ግን ፕሮግራሙ በአሮጌው ያሰላል። ሁልጊዜ ቢሆን ደግ ነበር፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል።

እንደ ወትሮው መጀመሪያ የተጠረጠረው ኬብሉ ነው። ተቀየረ፣ ፍጥነቱም ወረደ፤ ለውጥ የለም። ዝርዝር መዝገብ እንዲጽፍ ስናዝዘው ችግሩ ጭራሽ ተሰወረ። መዝገቡ ሶፍትዌሩን ስለሚያዘገየው፣ ጉዳዩ የቅድሚያ ሽሚያ፣ ማለትም ውጤቱ ከሁለት ክፍሎች ማን ቀድሞ እንደደረሰ የሚወሰንበት ስሕተት፣ ሳይሆን አይቀርም አልን።

አንዲት ባልደረባችን ሶፍትዌሩ ከቺፑ ጋር በሚነጋገርባቸው በሁለቱ የኤስደብልዩዲ መስመሮች ላይ ሎጂክ አናላይዘር (በመስመር የሚያልፈውን ምልክት የሚመዘግብ መሣሪያ) አያይዛ ጥቂት ከተመለከተች በኋላ፣ «ይህን ሬጂስተር የሚያነበው ስንት ሰው ነው?» ብላ ጠየቀች።

ሬጂስተሩ፣ ማለትም በቺፑ ውስጥ ያለው ትንሽ የመረጃ መያዣ፣ የፕሮሰሰሩን ሁኔታ የሚናገረው ዲኤችሲኤስአር ነበር። በኮርቴክስ ኤም3 እና ኤም4 ፕሮሰሰሮች ላይ ቢት 17 ፕሮሰሰሩ መቆሙን፣ ቢት 25 ደግሞ ካለፈው ንባብ ወዲህ ሪሴት መደረጉን (እንደ አዲስ መነሣቱን) ይናገራል። ቢት 25 ጠባዩ ለየት ይላል፤ ሲነበብ ይጠፋል። ቀድሞ ለጠየቀው ይነግራል፣ ተከትሎ ለመጣው ዝም ይላል።

በእኛ ሶፍትዌር ውስጥ ደግሞ ጠያቂዎቹ ሁለት ሆነው ተገኙ። አንዱ የመሣሪያውን ሁኔታ የሚከታተለው ዋናው ክፍል ነው። ሌላው ዘግይቶ የተጨመረ፣ በመስኮቱ ጥግ ያለችውን መብራት አረንጓዴና ቀይ የሚያደርግ ትንሽ ትሬድ (ከሌላው ጎን ለጎን የሚሮጥ የፕሮግራም ክፍል) ነው። ይህኛው የሚፈልገው ቢት 17ን ብቻ ስለሆነ የቀረውን ይጥለዋል፤ ለጌታው የመጣውን ደብዳቤ ከፍቶ፣ ማኅተሙን አይቶ እንደሚቀድ ዘበኛ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መከተል ቀላል ነበር። ፕሮሰሰሩ ብሬክፖይንት ላይ ሲቆም ዋችዶጉ፣ ማለትም ፕሮግራሙ በጊዜው ካላደሰው ቺፑን ሪሴት የሚያደርገው ሰዓት ቆጣሪ፣ መቁጠሩን አላቆመም። መሐንዲሱ ዋጋውን ጽፎ ሲያሰላስል ዋችዶጉ ቺፑን ሪሴት አደረገው። ብሬክፖይንቱን የያዘው የሃርድዌር ክፍል በእንዲህ ያለው ሪሴት አይጠፋም፤ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ከመጀመሪያው ተነሥቶ በቅጽበት እዚያው መስመር ላይ ቆመ። የማስነሻው ኮድ ግን በመንገዱ ማህደረ ትውስታውን በመነሻ ዋጋዎች እንደገና ሞልቶት ነበር። ዋናው ክፍል ሲመለከት ቀድሞም ቆሟል፣ አሁንም ቆሟል፤ አድራሻውም ያው ነው። የተፈጠረውን የሚመሰክረው ቢት 25 ብቻ ነበር፤ እርሱን ደግሞ የመብራቷ ትሬድ ቀድሞ አንብቦ ጥሎታል። ሶፍትዌሩም በእጁ የያዘውን ያረጀ ቅጂ በሙሉ ልብ ማሳየቱን ቀጠለ።

ጥገናው ብዙ ወሬ አይፈልግም። ሬጂስተሩን የሚነካው አንድ ክፍል ብቻ ሆነ፤ ሌላው ሁሉ እርሱን ይጠይቃል። ፕሮሰሰሩ በቆመ ቁጥር ለዚያ ማቆሚያ አዲስ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ሲለወጥ የቀድሞው ቅጂ ሁሉ ይጣላል። «ቆሟል» የሚለው ቃል ብቻውን ያንኑ ማቆሚያ ይሁን ሌላ አይለይም።

ክርክር ያስነሣው በቢጫ መብራት የሚታየው «አይታወቅም» የሚለው ሁኔታ ነው። ኦፕንኦሲዲ በሚባለው የማረሚያ ሶፍትዌር የሠራ ሰው ያውቀዋል። ንባቡ ሲከሽፍ የመጨረሻውን የታወቀ ሁኔታ እናሳይ ያሉ ነበሩ፤ ተጠቃሚ ቢጫ መብራት ሲያይ ይደነግጣል በሚል። እኔ ይደንግጥ ባይ ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ።

መሐንዲሱ በበኩሉ ዋችዶጉን ከፕሮሰሰሩ ጋር አብራችሁ አቁሙልኝ አለ። እርሱ እንደሚጠቀምባቸው ባሉ የኤስቲኤም32 ቺፖች ላይ ለዚህ የተዘጋጀ ቢት ስላለ ማድረግ ይቻላል። ይሁንና ሳይጠየቁ በሰው ቺፕ ውስጥ መጻፍ የሚመረመረውን ነገር መለወጥ ነው። ስለዚህ ምርጫ አድርገን ጨመርነው፤ ተጠቃሚው ካልከፈተው በቀር ዝግ ነው።