በየምሽቱ አምስት መስመር

አባቴ ባረፈ ማግስት የሕይወት ታሪኩን የመጻፉ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠ። ከቤተሰቡ መካከል ከልጅነቴ ጀምሮ ግጥምና አጭር ልብ ወለድ የምሞክረው እኔ ስለነበርሁ ሌላ ሰው አልታሰበም፤ እኔም ብሆን ሥራው ይከብደኛል ብዬ አልጠረጠርሁም። የተወለደበትን ዓመት፣ የተማረውን ትምህርት፣ በሥራ ያሳለፈውን ዘመንና የልጆቹን ስም በቅደም ተከተል አሰፈርሁና "ደግ፣ ታታሪ፣ ዝምተኛና ሰው አክባሪ ነበር" ብዬ ጨረስሁ። ጽሑፉ ሲነበብ ሰው አለቀሰ። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። በወረቀቱ ላይ አንድም ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ስሙንና ዓመቶቹን ፍቄ የሌላ አባት ብተካበት የቀረው ሁሉ እንዳለ ለዚያም ሰው ይሆነው ነበር።

በዚያው ሌሊት እሱን ብቻ የሚመስል አንድ ገጽ ለመጻፍ ተቀመጥሁ። ጫማውን ሲያስር የትኛውን እግሩን ያስቀድም ነበር? ሲናደድ ድምፁ ከፍ ይል ነበር ወይስ ይበልጥ ዝቅ ይል ነበር? ጋዜጣ ሲያነብ ቆይቶ መነጽሩን የሚያወልቀው ምን ሲያጋጥመው ነው? ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር አብሬው ኖሬ ለአንዱም ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ስለ አባቴ የማውቀው ቅጽሎቹን ነበር። ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ ይህ ሌላ ሐዘን ሆነብኝ፤ የሞተውን ሰው ማጣት ብቻ ሳይሆን በሕይወት ሳለም በሚገባ ሳላየው መቅረቴን ያወቅሁት ያን ሌሊት ነውና።

ሩሲያዊው ደራሲ ሌቭ ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1897 በዕለት ማስታወሻው ያሰፈራትን አንዲት ትንሽ ገጠመኝ ያነበብሁት ከዚህ በኋላ ነው። የክፍሉን አቧራ እየጠረገ ዞሮ ሶፋው ዘንድ ሲደርስ፣ ሶፋውን ጠርጎት እንደሆነና እንዳልሆነ ማስታወስ አቃተው። ጠርጎት ረስቶት ከሆነ፣ ማለትም ሳያውቀው ሠርቶት ከሆነ፣ እንዳልጠረገው ያህል ነው ብሎ ያስባል፤ ከዚያም ሐሳቡን አስፍቶ የብዙ ሰዎች መላ ሕይወት በዚህ ዓይነት ሳይታወቅ ቢያልፍ ያ ሕይወት እንዳልነበረ የሚቆጠር መሆኑን ይጽፋል። ሩሲያዊው ሐያሲ ቪክቶር ሽክሎቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው መጣጥፉ ይህችኑ ማስታወሻ ጠቅሶ፣ ልማድ ሥራንም፣ ልብስንም፣ የቤት ዕቃንም፣ የትዳር ጓደኛንም ሳይቀር እንደሚውጥ፣ የኪነ ጥበብም ሥራ የተለመደውን ነገር እንግዳ አድርጎ በማሳየት የማየትን ስሜት ለሰው መመለስ እንደሆነ ተከራከረ። እኔ ሶፋዬ ላይ የደረስሁት ዘግይቼ ነበር። እናቴና ወንድሜ ግን በሕይወት አሉ፤ ቀኖቼም ገና አላለቁም።

ስለዚህ አንድ ደብተር ገዝቼ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። በየምሽቱ አምስት መስመር እጽፋለሁ፤ በዚያ ቀን በዓይኔ ስላየሁት ወይም በጆሮዬ ስለሰማሁት ስለ አንድ ነገር ብቻ እጽፋለሁ፤ "ውብ"፣ "አሳዛኝ"፣ "ደግ" የመሳሰሉ ፍርድ የሚሰጡ ቃላት አልጠቀምም። ሕጉ ቀላል ይመስል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ግን "ዛሬ የተለየ ነገር አልነበረም" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር አሥራ አንድ ጊዜ ጽፌያለሁ፤ ቆጥሬአታለሁ። ከእንቅልፌ ተነሥቼ፣ ወደ ሥራ ሄጄ፣ ከብዙ ሰው ጋር ተነጋግሬ ስመለስ ከቀኑ በእጄ የቀረ አንድም ነገር አልነበረም።

ለውጡ የመጣው በደብተሩ ላይ ሳይሆን በቀኑ ላይ ነው። ማታ ባዶ እጄን መቀመጥ ስላስፈራኝ በቀን መፈለግ ጀመርሁ። የተኛ ልጅ ታቅፎ ደረጃ የሚወጣ ሰው ልጁ እንዳይነቃ ትንፋሹን ይዞ ትከሻ ሲቀይር አየሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስልክ ከማንሣቷ በፊት ሁልጊዜ የእስክሪብቶዋን ክዳን እንደምትከድን፣ ደዋዩ ልጇ ሲሆን ግን ሳትከድነው እንደምታነሣ አስተዋልሁ። አብሬአት የሠራሁት ስድስት ዓመት ነው፤ ይህን ያየሁት ደብተሩ ከተጀመረ በሁለተኛው ወር ነው። ለአጻጻፍም ከየትኛውም ምክር ይልቅ የጠቀመኝ ይኸው የቃላት ጾም ነው። "ያዘነች ሴት" ብዬ መጻፍ ስለተከለከልሁ "ስሟ ሁለት ጊዜ ከተጠራ በኋላ ቀና ያለች ሴት" ብዬ ለመጻፍ ተገደድሁ፤ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሐዘኑን ሳይጠራው ይዞት ይመጣል፤ ከዚህም በላይ እኔን ወደዚያች ሴት ዞሬ እንዳይ ያስገድደኛል።

በቋንቋችን ማስተዋልን "ልብ ማለት" እንለዋለን፤ ፈጠራውን ደግሞ "ልብ ወለድ" ብለነዋል። ሁለቱን ቃላት ለየብቻ ለዓመታት ስጠቀምባቸው ኖሬ አንዱ የሌላው ቅድመ ሁኔታ መሆኑን ያየሁት በዚህ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ልብ ያላልነው ነገር ከየት መጥቶ ከልብ ይወለዳል? ወጣት ሳለሁ ብዙ ጊዜ ያባከንሁት መንፈሱ እስኪመጣልኝ እየጠበቅሁ ነበር፤ ልጽፈው የሚገባ ታላቅ ነገር በሕይወቴ አልደረሰም ብዬም አዝን ነበር። እንግሊዛዊቷ ዶሮቲ ዎርድስዎርዝ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1802 ከገጣሚው ወንድሟ ከዊሊያም ጋር በሐይቅ ዳር ሲሄዱ ያዩአቸውን ቢጫ የዱር አበቦች በዕለት ማስታወሻዋ ስትገልጽ፣ አንዳንዶቹ ትራስ እንዳገኘ ደካማ ራሳቸውን በድንጋይ ላይ እንዳሳረፉ፣ ሌሎቹ በነፋሱ እንደሚወዛወዙና እንደሚጨፍሩ ጽፋለች። ወንድሟ ስለነዚያው አበቦች የጻፈው ዝነኛ ግጥም የተጻፈው ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሆን የታተመውም በ1807 ነው። ግጥሙን ያነበበ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ልቤ ከእኅቲቱ ጋር ነው። ይታተምልኛል ሳትል የቀኑን ነገር በቀኑ የጻፈች እሷ ናት።

ይህ ልማድ ከሰው ጋር ያለኝን ግንኙነት ይነካል ብዬ ግን አልጠበቅሁም ነበር። ከወንድሜ ጋር አባታችን ሆስፒታል በተኛበት ወራት ተጣልተን ነበር። ጠቡ አንድ ምሽት በኮሪደር ላይ በተነገረ አንድ ዓረፍተ ነገር ጀመረ፤ "አንቺ እኮ የምትመጪው ለመጠየቅ ነው" አለኝ። ያንን ቃል ለሁለት ዓመት ይዤው ኖርሁ፤ ለሰው በተናገርሁት ቁጥርም የእኔ ንጽሕና እየደመቀ የእሱ ክፋት እየከፋ ሄደ። በመጨረሻ ታሪኩን በአጭር ልብ ወለድ መልክ ልጽፈው ተነሣሁ፤ ተራኪው ግን እሱ እንዲሆን ወሰንሁ። ሦስት ገጽ ጻፍሁና ቆምሁ፤ በገጾቹ ላይ ያለው ሰው የእኔን ክስ የሚያረጋግጥ አሻንጉሊት እንጂ ሰው አልነበረም። እንደገና ስጀምር ለአምስቱ መስመሮች ያወጣሁትን ሕግ ተከተልሁ፤ በዚያ ኮሪደር ላይ በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ጻፍሁ። የሸሚዙ አንገትጌ ወደ ውስጥ ተጣጥፎ ነበር። እጁ ላይ የትናንቱ የምግብ ሣህን ነበር። ቃሉን ከመናገሩ በፊት ግድግዳውን ተደግፎ ነበር፤ ቆሞ የሚያድረው እሱ ነበርና። እኔ በቀን እመጣለሁ፤ ሌሊቱን ሁሉ ያደረው እሱ ነው። እነዚህን ዝርዝሮች ዓይኔ አይቷቸው ነበር፤ ልብ ግን አላልኋቸውም።

መጻፉ ቀላል አልነበረም፤ በእነዚያ ምሽቶች ከበፊቱ ይበልጥ ከብዶኝ እተኛ ነበር። ይህ የእኔ ብቻ አለመሆኑን በኋላ ተረዳሁ። ሥነ ልቦና አጥኚዎቹ ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ ያህል እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር። በሕይወታቸው የደረሰባቸውን ከባድ ነገር ከነድርጊቱና ከነስሜቱ የጻፉት ተማሪዎች ወዲያው እንደጻፉ ስሜታቸው ቢከፋም በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የመሄዳቸው ነገር ቀንሶ ታይቷል። እኔ ጽሑፍ መድኃኒት ነው ብዬ ለማንም አልሰብክም፤ ድርጊቱንና ስሜቱን አንድ ላይ መጻፍ የሚለው ነጥብ ግን ከራሴ ልምድ ጋር ይገጥማል። ስሜቴን ብቻ ስጽፍ በራሴ ዙሪያ እዞር ነበር፤ የሸሚዙ አንገትጌ ሲጨመር ነው መውጫ ያገኘሁት።

ልብ ወለዱን አላሳተምሁትም። ለወንድሜም አላነበብሁለትም፤ ደውዬ ሌሊቶቹን ስለማደሩ አመሰገንሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና ስለ እናታችን ጤና ጠየቀኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ እንደዋወላለን።

ባለፈው ወር በአንዱ ምሽት እናቴ በጨለማ በሩን ስትከፍት ስላሰማችው ድምፅ አምስቱን መስመሬን እየጻፍሁ ሳለ፣ ሳልፈልገው አባቴ መጣ። ከሥራ ሲመለስ በሩ ዘንድ ደርሶ ወዲያው አይገባም ነበር፤ ቁልፎቹን በቀኝ እጁ ይዞ አንድ ሁለት ጊዜ እያንቀጫቀጨ ይቆም ነበር፤ እኛም ድምፁን ሰምተን የተበተነውን ደብተርና ጫማ እንሰበስባለን። ምናልባት ለእኛ ጊዜ እየሰጠን ይሆናል፤ ምናልባትም የቀኑን ድካም ከደጅ እየተወው ነበር። አምስት መስመር አልበቃኝም፤ ገጹን ሞላሁት። በማግስቱ ለወንድሜ ደውዬ አነበብሁለት። እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ "በግራ እጁ ነበር" አለኝ፤ "በቀኙ ቦርሳውን ይዞ አልነበር?" ስልኩን እንደያዝሁ "ቀኝ" የሚለውን ሰርዤ "ግራ" ብዬ ጻፍሁ።